የሰገባው ወዝ

በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን አቅፋ፣
ከሱቄ ገባች፣ ጃንጥላዋን አጥፋ።
ሙርቲኒ ትባላለች። ባሏ ከሞተ መንፈቅ።
«የማጃፓሂት ነው፣» አለች፣ «አምስት መቶ ዓመት የሚልቅ፤
አያት ለልጅ ልጁ፣ እሱ ደግሞ ለእሱ፣
እንዲህ እያሉ ነው እዚህ ያደረሱ።»

በሶሎ ገበያ ይህን ያላለ ማነው?
ክሪስ ሁሉ የንጉሥ፣ ሻጭ ሁሉ ዘመድ ነው።
ብረት ግን ዘር አይቆጥርም።

መዘዝኩት። ቀስ ብዬ ግንባሬን አስነካሁ፣
ከሥሩ ጀምሬ እጥፋቱን ቆጠርሁ፤
ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ… አሥራ አንድ ላይ ቆመ፤
የእባቡ ጎዳና ጫፉ ላይ ከሰመ።
በጥፍሬ መታሁት፤ ጆሮዬን አስጠጋሁ፣
ዜማ ስጠብቅ አጭር ሳል ሰማሁ።
ፊቱ ላይ የፈሰሰ ሩዝ የመሰለ ሥዕል፤
ነጩ ከኒኬል ነው፣ ከፋብሪካ የመጣ፣
ጥቁሩም ከስኳር ባቡር ሐዲድ የወጣ።
ከግርጌው ኩምቢ አለ፣ የዝሆን፣ የተጠቀለለ፣
የሞረዱ ጭረት ወደ ግራ ያጋደለ።

ወደ ግራ…
ግራኝ ነበር አባቴ።
ጃፓኖች በገቡ ሰሞን፣ ወናፍ ስነፋ በልጅነቴ፣
እንዲህ ነበር የሚሞርድ፣ ምላሱን ነክሶ በጥርሱ።
አምስት መቶ ዓመት? ታናሼ ነው እሱ!

ዝም አልኩ። ሰገባውን ወደ ብርሃን አዞርሁ።
«እንዴት ነበር የሚታጠቀው?» ብዬ ጠየቅሁ።
«እንደ ሰው ነዋ፣» አለች፣ «ከወገቡ ኋላ፣
እጀታው ወደ ቀኝ፤ ሰርግ ሄዶ ሩዝ ሲበላ።»

የባሊ ሰው ሽቅብ፣ ከትከሻው በላይ፣
የጃዋ ሰው ከጀርባ፣ እንግዳው እንዳያይ።
ይህ እንጨት ግን ሌላ ይላል። ጀርባ የሚያሸው ጎን
እንደ አዲስ ሻካራ ነው። ወዝ የጠጣው ወገን
በሆድ በኩል ነው፣ በግራ፤ የገመድ ቦይ አለው፤
ባሕር ማዶ ቡጊሶች የሚታጠቁት ነው።

«ማካሳር ኖሯል ወይ?»
«ኖሮስ አያውቅ። ቅርንፉድ ሊገዛ፣ ባመት አንዴ ብቻ…»
ንግግሯ እዚያው ቀረ፣ እንደ ባዶ ስልቻ።

የዋጋውን ነገር ረሳችው። ሰገባውን ወስዳ
በአውራ ጣቷ አሻሸች ያቺን የለዘበች ሜዳ።
«ብረቱን ተወው፣» አለች። «ወዙ ስንት ዓመቱ ነው?»
እንጨት ወዝ ቶሎ አይጠጣም። «ሰባት፣» አልኳት፣ «ቢያንሰው።»
በጣቷ ቆጠረች። አምስተኛው ላይ ስትደርስ
እጇን ጨበጠች።
ከዚያም ጨርቁን መልሳ አለበሰችው ያን ክሪስ።

የአባቴን ሞረድ አልነገርኳትም።
ወጣች። ጃንጥላዋ እዚህ አለ፤
ዝናቡ አላባራም።