ዘጠና ሰባት

ሰባት ሰዓት፣ ከዚራ። ጥላ እንኳ ከኒሙ ሥር ተጋድሟል፤
የኔ ላፕቶፕ ጭኔ ላይ ትኩሳት ብሶበት ያቃስታል።
ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ ሊኑክሱን ጠየቅኩት፦
«ሙቀትህ ስንት ገባ?»
«ዘጠና ሰባት።»
«ማራገቢያህስ?» «ዜሮ።»
ከርነሉን አደስኩለት፣ ይሻለው እንደሁ ከአምናው ዘንድሮ፤
ሞጁል ጫንኩ፣ ሞጁል ነቀልኩ፣
አንድ መስመር ስጽፍ ነጋ፣ አንድ መስመር ስሰርዝ መሸ፤
ዜሮው ግን ያው ዜሮ ነው፣
ትእዛዜን ሰምቶ እንዳልሰማ የሸሸ።

ታይዋን ገበያ ወሰድኩት፣ ረምዚ ደጃፍ።
የይለፍ ቃል አልጠየቀኝ። አላበራውም።
በካቻቢቴ አሥራ አንድ ብሎን ፈትቶ ቆርኪ ውስጥ ቆጠረ፤
ክዳኑን ገለጥ ሲያደርገው፣ ደቻቱ ነበረ!
ውሃ አልባው ወንዛችን፣ በነፋስ ታዝሎ፣
በመስኮቴ ገብቶ፣ በክንፎቹ መሀል አሸዋውን ጥሎ።
«ይሄን» አለ ረምዚ፣ ሽፋሽፍቱ በአቧራ ነጥቶ፣
«ማን በጽሑፍ ያስወጣዋል?»
እፍ አለበት ደግሞ፣ በቀለም ብሩሽ ጠርጎ።

ማታ፣ ሳቢያን። ቆርቆሮው ገና የቀኑን እሳት ሲተፋ
ማራገቢያው ዞረ። የእጄን አንጓ ለብ ያለ ነፋስ ነካው።
አንዲት ቅንጣት ቀርታ ኖሮ
ቅርር ትላለች፣ አልፎ አልፎ።
ቁጥሩን አላየሁትም።
ጆሮዬን እንዳስጠጋሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።