ከለብናው ጎን

ከሻርጃ ወደ ዳይድ፣ አሸዋው ሲቀላ፣
የአቡ ረሺድ እርሻ፣ ከቴምሩ በኋላ፤
አምና በጥቅምት ላይ አኩሪ አተር ዘራ፣
ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ገና ሳያፈራ።
ዩሪያ ደፋበት፣ ጆንያ ከጆንያ፣
ቁመት ብቻ ሆነ፣ የግመል መዋያ።

እኔ ሳህን አጣቢ፣ ምን አገባኝ ብዬ
ዝም አልኩኝ አንድ ዓመት። ፓዌ ነው ቀዬዬ፤
አባቴ በዚህ ዘር ነው ያሳደገን።

ዘንድሮ ኩንጁሞን፣ የኬረላው ሹፌር፣
ከዱባይ ይዞ መጣ የባክቴሪያ አፈር።
ዳሽቦርድ ላይ ትቶት፣ ፀሐይ ሲቀቅለው
አየሁና ሮጥኩኝ። «ይሞታል!» አልኩ። «ማነው?»
ወስጄ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከለብናው ጎን አኖርኩት፤
መዳም ጮኸች፤ ቻልኩት።

ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ስኳር በውሃ በጥብጠን
ዘሩን ጥቁር ቀባን፣ ጥላ ሥር አድርቀን።
ፎስፈረስ በጭልፋ። ዩሪያማ አይገባም፤
የጠገበ ሥር ቤት እንግዳ አያስገባም።

በአርባኛው ቀን አንዷን ከሥሯ ነቀልኩኝ፣
ዶቃ መሳይ እባጭ በጣቴ ቆጠርኩኝ፤
አንዱን በጥፍሬ ስሰነጥቀው ቀላ፣
እንደ ሰው ደም ቀላ።

ኩንጁሞን ዝም አለ። አቡ ረሺድም ዝም።
«ነጭ ቢሆን ሞቷል፤ ይሄ ግን አይተኛም።
በሰው ቤት ይኖራል፤
ስኳር ይሰጡታል፣ አየር ያበስላል።»
ይህን ስል ድምፄ ለምን እንደሰለለ፣ አላውቅም።

አምና አራት ጆንያ፣ ዘንድሮ አሥራ አንድ ሞልቶ፣
አቡ ረሺድ ሳቀ፣ አንድ እፍኝ ዘር ሰጥቶ።
መዳም ግን እስካሁን፣ ጠዋትም ማታም፣
ክዳን ከፍታ ታሸታለች፤
ለብናዋን አታምንም።