እርሳሱ የቆመበት

በማዘጋጃ ቤት፣ ከካርታው ክፍል ውስጥ፣
አንድ ወረቀት አለ የተረፈ ከምስጥ።
ጠርዙ ተሸራርፏል፣ ቀለሙም ወይቧል፤
መስመሩ ግን አለ፣ ከባሕር ተስቧል።
ከጅቡቲ ወጥቶ፣ ሽንሌን አልፎ፣
እንደ ደከመው ሰው ግድግዳ ተደግፎ፣
ደንገጎ ሥር ሲደርስ እርሳሱ ይቆማል፤
ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው፤ ወረቀቱ ይጾማል።

ልቡ ሐረር ነበር፣ ባለ አምስቷ በር፤
ዳገቱ ግን ብረት የሚያስወጣ አልነበር።
መሐንዲሱ ለካ፣ ደመረ፣ ቀነሰ፣
ላቡን በመሐረብ ሦስት ጊዜ አበሰ፣
ሣጥኑን ገልብጦ ተቀምጦ ከተመ።
ከተማ የሆነው ሰውዬው ስለደከመ።

እላይ ሐረር ጋቢ ሲደረብ ለብርዱ፣
እዚህ ሽርጥ ይበቃል፤ እሱም ሲበዛ ነው ባንዳንዱ
ቀን፤ ድንጋዩ ራሱ ጥላ ሲለምን በሚውልበት።

ውሃ የጫኑትን ግመሎች ያከራየ
አያቴ ጌሌ ነው ይህን ሁሉ ያየ።
«የቦታው ስም ማነው?» ሲል ፈረንጁ ጠየቀ፤
አንዱ «መድኃኒት ነው» አለው፤ አንዱ እየሳቀ
«ድር ጦሩን የሰካባት ምድር ናት» አለ፤
ሦስተኛው «ሜዳ ነው» ብሎ ተከተለ።
ጸሐፊው ሦስቱንም ባንድ ቃል ጠቀለለ፤
ክርክሩ ግን ዛሬም ሻይ ቤታችን አለ።

ከዚያ ማስመሪያ መጣ።
ከዚራን እንደ ደብተር አሰመረው፦
ዛፍ በሰልፍ፣ በረንዳ፣ አደባባይ፣
ላለ ከረባቱ፣ ለሹሙ፣ ለጣቢያው አዛዥ።
ማዶ መጋላን ግን ማን ማስመሪያ ሰጠው?
መንገዱን ፍየል ነው ሮጦ የቆረጠው።
ግሪኩ ዳቦ ጋገረ፣ አርመኑ ሰዓት ጠገነ፣
አደሬው ከግንቡ ወርዶ የጨርቅ ነጋዴ ሆነ፣
የሰፈሩም ልጅ፣ ጠዋት ኳስ ሜዳ ላይ ሲጣላ፣
ባራት ቋንቋ ተሳድቦ
ባምስተኛው ይታረቃል።

ጌሌስ ምን ያድርገው? ግመሉ ሥራ ፈታ፤
ፋኖስ ሰጡት እንጂ፣ ለገሃር፣ ለማታ።
ባቡሩ ባፏጨ ቁጥር ካልጋው ይነሣል፤
«ሆይ! ሆይ!» ይላል እንደ ግመል ነጂ… ይረሳል።

ካርታው ላይ ደቻቱ ስስ ሰማያዊ ክር ነው።
መሐንዲሱ የመጣ በበጋ ነውና፣
ወንዝ ነው አላለም፤ መሰለው ጎዳና።
ጌሌ ነግሮት ነበር፦ «ተኝቶ ነው እንጂ አሸዋው አልሞተም»፤
አስተርጓሚው ቸኮለ፤ ያችን ቃል አላተተም።

አንድ የነሐሴ ሌሊት፣ እዚህ ሳያካፋ፣
ውሃ ከተራራው ወርዶ ሰፈሩን ገፋ።
በር፣ ፍራሽ፣ የዛሕራን የስፌት መኪና፣
ሳይመርጥ ወሰደው፤ ውሃ ምን አለውና።
ሲነጋ ስም ጠራን።
«አቤት» ያላለ አለ።
ከዚያ ወዲህ እናቴ ሰማይ ጠርቶ እንኳ
ሐምሌ ከገባ ጫማዋን አውልቃ አትተኛም።

አዲሱ ባቡር ዛሬ ከከተማ ርቆ ያልፋል፤
አሮጌው ሐዲድ ላይ ልብስ ይሰጣል፣ ሰው ያርፋል።
እኔ ካርታ ጠባቂ ነኝ። ደመወዜ ትንሽ፣ ማኅተሜ ትልቅ።
ዓርብ ማታ፣ ሁሉ ሲወጣ፣ እርሳስ ቀርጬ፣
ከሰማያዊው ክር አጠገብ፣ በቀጭኑ፣
«አሸዋው ተኝቷል» ብዬ ጻፍኩ።

ሰኞ አለቃዬ መነጽሩን አውልቆ አየው።
«ይሄ ደሞ ምንድን ነው?»
«የቦታ ስም ነው» አልኩት።
አፉን ጠረገ፤ መዝገቡን ስቦ፣
ተራ ቁጥር ሰጠው።