አራት ድንጋይ

መብራት ከሄደ ዛሬ ሦስተኛው ቀን፣
የቻርጀሩ ቀይ ዓይን ታውሮ አደረብን።
አራቱ ባትሪዎች ጎን ለጎን ተኝተው፣
እንዳልጠባ ጥጃ ተጣብቆ ሆዳቸው።
ነገ ቀጠሮ አለኝ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣
ከቦርከና ማዶ፣ ከእትዬ መሬማ ማሳ ልወርድ።
አምና፣ ለአረም ጎንበስ ስትል፣ ከጣቷ ሾልኮባት፣
የቀለበቷን ወርቅ መሬት ውጦባት፣
(ባሏ ነው፣ በሾፌርነቱ፣ ከጅቡቲ መልስ ያጠለቀላት)
«ብረት የሚያሸት ዱላ አለው» ብለው ስለኔ ነገሯት።
ዱላዬ ግን ይኸው አፍንጫው ታፍኗል፣
በመብራት ኃይል ጉንፋን ድምፁ ተዘግቷል።

ሐረጎን ወጣሁት በሚኒባስ ታጭቄ፣
ጉሙ መስኮት ሲልስ፣ ብርዱን ተሳቅቄ።
ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ከሙሄ ሱቅ ደረስኩ፣
«ድንጋይ ስጠኝ» ብዬ አራት ጣት ቀሰርኩ።
ሙሄ ሳቀ።
«አምና እዚህ ቆመህ፣ መስታወቱን ተደግፈህ፣
‹ድንጋይ ደህና ሰንብት፣ ቻርጁ ይሻለኛል› አላልክም ወይ ምለህ?»

ምዬ ነበር፤ አልዋሸሁም፤ ቆጥሬ ነበር በጣቴ፦
በስምንት ድንጋይ ዋጋ አንድ ቻርጅ፣ ለዓመታት ለቤቴ፤
ያ መቶ ጊዜ ሞቶ መቶ ጊዜ የሚነሣ፣
ድንጋይ ግን አንዴ ነው፤ ከሞተ ሬሳ።
ማን ነገረኝ ያኔ፣
ትንሣኤው በመብራት መሥሪያ ቤት እጅ መሆኑን ለኔ?

ሙሄ ሁለት ዓይነት ፊቴ ደረደረ፣
ርካሿን በመዳፉ መዝኖ፣ ራሱን ነቅንቆ ተናገረ፦
«ይቺ ቀይ ቀሚስ ናት፣ ውስጧ ገለባ ነው፣
ድምጿ የሚረግበው ገና ረፋድ ላይ ነው።
ያቺ ከባዷ ግን ዋጋዋም ይከብዳል፣
ስትደክም ትነግርሃለች፤ ያንተው ቻርጅ ሳይሰናበት ይሄዳል።»
አባቴ ትዝ አለኝ፤ የሬዲዮውን ድንጋይ ፀሐይ እያሰጣ፣
በጥርሱ እየነከሰ፣ ትንፋሽ ከሬሳ እያመጣ፣
ዜና እስኪያልቅ ነው፤
ስፖርቱ ሲጀምር ሬዲዮው ዝም ነው።
ከባዷን ገዛሁ፤ አራት፤ ምሳዬን ከፍዬ፣
ሐረጎን ወረድኩት ኪሴን ደግፌ፣ ሆዴን አባብዬ።

ጎሕ ቀደደ። ጠል ነው። የአገዳው ጉቶ ቁርጭምጭሚት ይወጋል፣
ዱላዬ መሬቱን እያሸተተ ያዘግማል።
እትዬ መሬማ ድንበሩ ላይ ቆማ፣
ባዶ ጣቷን ታሻለች፣ አንድ ቃል ሳታሰማ።
ጢጥ!
ቆፈርኩ። ጥቁር አፈር፣ ቀጥሎ ቀይ ነገር፣
ቀጥሎ ነጭ አረፋ፣ የዛገ ቆርቆሮ ስንጥር፦
ድንጋይ።
የኔው ድንጋይ።
ካቻምና እዚሁ ማሳ፣ ለእኩል አራሿ ማረሻ ስፈልግ፣
ሲያልቁ የጣልኳቸው፣ በጫማዬ አፈር ያለበስኳቸው፣ እንደ ቀብር ወግ።
ደግሞ ጢጥ። ደግሞ ድንጋይ። ቀይ ቀሚሷ ተቀዶ፣
መርዟን ተፍታ፣ ሆዷ ፈርጦ፣ ገላዋ ተንዶ።
በድንጋይ ጉልበት ድንጋይ ስለቅም ፀሐይዋ ከረረች፣
አራተኛውን ስይዝ እትዬ መሬማ ቀረበች።
«ወርቁ ነው?» አላለች።
«ይኼ ነው እንዴ» አለች፣
«እዚህ ጋ ያምና ማሽላዬን ያቀጨጨው?»
እኔ ምን ልመልስ? አፌ ነበር ያኔ ባትሪው ያለቀው።

ቀለበቱ አልተገኘም፤ ግማሽ ማሳ ቀርቷል።
ማታ ቤት ስገባ ቀይ ዓይኑ በርቷል።
አራቱን ሰካኋቸው፤ ቀስ ብለው ይጥቡ፣
መብራቱ ካልሄደ፣ ጠዋት ላይ ይጠግቡ።
የሙሄን ከባዶች ከዱላው ነቅዬ ከደረት ኪሴ አኖርኳቸው፣
ለክፉ ቀን ናቸው።
የሞቱት አራቱ፣ በመሐረብ ታስረው፣
ከመስኮቱ ደፍ ላይ ይጠብቃሉ ተቀምጠው፤
የት እንደሚቀበሩ የሚያውቅ ሰው፣
ከኮምቦልቻም ይሁን ከደሴ፣ እስካገኝ ድረስ ላቆያቸው።