ለሁሉም

ከፋርማሲው በላይ፣ ፒያሳ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
ስለ ውሃ እጽፋለሁ፣ ከንፈሬ ሲደርቅ።
ቧንቧው ካስነጠሰ አሥራ ሁለት ቀኑ፤
አንገረብ ጎድሏል አሉ፣ በፈረቃ ነው ዘመኑ።
በርሜሉ ጥግ ይዞ ጆሮውን አቁሞ
ሌሊቱን ያነጋል፣ እንደ ዘበኛ ቆሞ።

«የኮሙኒኬሽን ባለሙያ» ይላል አንገቴ ላይ ባጄ፤
እናቴ ስትጠየቅ፦ «ፎቶ አንሺ ነው ልጄ»።

በየሦስት ወሩ አንድ የስኬት ታሪክ
ወደ ላይ ይላካል። አለው የራሱ ልክ፦
«በፊት» በሚል ይጀምር፣ «አሁን» በሚል ያብቃ፣
መሀሉ ላይ ትቁም አንዲት እናት ስቃ፣
ቢቻል ሕፃን አዝላ፣ ቢቻል ውሃው ሲወርድ፤
ጭቃው አይታይ እንጂ፣ አህያዋም ትወገድ።

የዛሬ ዓመት ግድም፣ በሚያዝያ ንዳድ፣
ደንቢያ ወረድን፣ በቆላድባ መንገድ።
ሾላ ምንጭ የምትባል መንደር፣ ድንኳን ተተክሏል፣
የእጅ ፓምፕ ሊመረቅ ሕዝቡ ተሰብስቧል።
ባነሩን እኔ ነኝ ያሠራሁት፣ ስድስት ሜትር ሙሉ፣
ሰማያዊ መደብ፣ ነጭ ነበር ፊደሉ፦
«ንጹህ ውሃ ለሁሉም»።
ለዚህች ሦስት ቃል ሁለት ቀን ስብሰባ ተቀመጥን፤
«ለሁሉም ትውጣ» ያሉ ነበሩ፤ በድምፅ አሸነፍን።

መቀስ በሳህን መጣ፣ ሪባን ተቆረጠ፣
ጭብጨባው ከውሃው ቀድሞ አመለጠ።
ትርንጎ አዛናው እጀታውን ይዛ
ሦስቴ ሳቀችልኝ። ሁለቱ ደብዛዛ።
ሦስተኛው ግን ወጣ። የግድግዳ ካላንደር
ሆኖ ተሰቅሏል፣ ከዚህ እስከ ባሕር ዳር።

ዘንድሮ ተመለስኩ፣ «ክትትል» በሚል ሰበብ፣
ባምናው ታሪክ ላይ ሌላ ልደርብ።
ፓምፑ ቆሟል። ፍየል ጀርባዋን ታክበታለች።
«ከመስቀል ወዲህ ነው፤ ጎሚኒው ተበላ» አለች።
«ይቺን የምታህል ናት» — ጣቷን አጥፋ አሳየችኝ፣
ቀለበት የምታህል። ዋጋዋን ስትነግረኝ
ለፖስተር ማሳተሚያ የከፈልነው ታወሰኝ።
«ጠጋኝ ይሁን ብላችሁ ያሠለጠናችሁት ቢያድግልኝ
ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወርዶ ቀረ፤ መፍቻውንም አልተወልኝ።»

ካሜራዬን ከደንኩ። ሽንት ቤት ጠየቅኋት።
በጓሮ በኩል ጠቆመችኝ፣ ፈገግታዋን እያፈናት።

ጭቃ ምርጊት ግድግዳ፣ ከላይ የሣር ክዳን፣
በሩ ግን ሰማያዊ። አወቅሁት ሥራዬን።
የኔው ባነር፣ ተቆርጦ፣ በሚስማር ተወጥሮ፤
«ንጹህ ውሃ» የለም፣ በርበሬ ማስጫ ሆኗል ዘንድሮ።
የቀረችው አንዲት ቃል፣ እንደ መሥሪያ ቤት ሰሌዳ፦
«ለሁሉም»።
እሷ ከት ብላ ሳቀች፤ እኔ ቆሜ እንደ ባዳ።

«ምን ልበልህ? ለቤቴ ነበር የቆፈርኩት፤
ልጄ ማስተዋል አነበበችው፣ ጎረቤቶች ሰሙት።
ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳል? ከገበያ መንገደኛው፣
ቄሱ፣ ሚሊሻው፣ ወፍጮ ቤት የሚጠብቅ ተረኛው፣
ሁሉም ያነባል፣ ሁሉም ይገባል።
‹ተጽፏል እኮ ትርንጎ!› ይለኛል።
እኔም ተውኩት። ከጓሮ ያለው ሜዳ ጠራ፣
ክረምት የመጣው አተትም ዘሎን ሄደ፣ ማዶ ተራራ።
እጅህን በአመድ ነው፤ ቆርቆሮው ውስጥ አለልህ፤
የውሃውንማ ነገር አንተው ታውቃለህ።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ፖስተር፣ ብሮሸር፣ የሬዲዮ ጭውውት፤
የሠራልኝ አንድ ቃል ይኸው፣ በቢላ የቆረጡት።

ማታ ፒያሳ ገብቼ «በፊት» ብዬ ጀመርኩ፣
«አሁን» ላይ ስደርስ እጄን ሰበሰብኩ።
ፎቶው የፍየሏ ነው። ይመልሱት፣ ከፈለጉ።

በሌንሱ ኪስ ግን፣ ከቅዳሜ ገበያ የገዛኋቸው፣
አምስት ጎሚኒዎች አሉ። ደረሰኝ የላቸው።

ትርንጎ ስትሸኘኝ ያለችው ሪፖርቱ ውስጥ አልገባም፦
«ደግሞ ስትመርቁ ሸራው ወፈር ይበል፤
ክረምት እየመጣ ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል።»