ሸክላው ካለቀ በኋላ

ከጫማ ጠጋኙ ሱቅ በላይ፣ ደረጃው በሚያቃስት ቤት፣
ቀን ቀን የስሎቬኖች ፖልካ፣ የሙት ማስታወቂያ፣ ስብከት፤
ሌሊት ስድስት ሰዓት ሲሆን ሽማግሌው ያኔዝ ተነሥቶ፣
ያኮርዲዮኑን ሸክላ በእጅጌው ጠርጎ፣ በልባሱ ከቶ፣
«አደራ፣ ማሞቂያውን አጥፊ» ይልሽና፣ ዴልፊን፣
ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ ጊታር ይሰነጥቀዋል ጨለማውን።

በዚያ የበረዶ ወቅት፣ በአክረን፣ ፊትሽን ያየ አልነበረም፤
ታንሾካሹኪ ነበር፣ ሕፃን እንዳስተኛ ሰው፤
እንደ ቀን ጣቢያዎቹ ሳሙና ልሽጥ ብለሽ አትጮሂም።
አንዱን ዘፈን ሃያ ደቂቃ ሳትቆርጪ ትለቂዋለሽ።
ከዚያ ዝም።
ሻይ ፉት ስትዪ ይሰማናል።
«የማን እንደሆነ ጠፍቶኛል፣ ልባሱን ጎረቤት ወስዶታል» ትያለሽ።

እኛ ጎማ ፋብሪካ ነን፣ የሌሊቱ ፈረቃ፤
ድኙ ሸሚዝ አልፎ ቆዳችን ውስጥ የሰረገ።
ሩፈስ የኮት መስቀያ ሽቦ አጥፎ አንቴና አደረገ።
ሞገድሽ የሚገባው መስኮቱ ሲከፈት ብቻ ነውና፣
በረዶው አብሮሽ እየገባ፣ ጆሯችን እየቀላ ሰማንሽ።
አለቃው «ሙዚቃ ነው ወይስ ማሽን ተበላሽቶ?» አለ።
«ሁለቱም» አለው ሩፈስ።

ወንድሜ ኤመት በማግስቱ ወደ ቬትናም ሊሄድ፣
ከመግቢያው በር ስልክ ደወልኩልሽ።
«ምን ላሰማው?» አልሽኝ።
«ረጅሙን» አልኩሽ። «ረጅሙን።»

ረጅሙም አለቀ።
መርፌዋ ከመሀል ደርሳ፣ መሄጃ አጥታ ትዞራለች፦
ቅጭ… ቅጭ… ቅጭ…
አምስት ደቂቃ። አሥር። አርባ።
በከተማው ሁሉ አንድ ሰው አልደወለም።
«የዘፈኑ ክፍል ነው» አለ ሩፈስ፣ እንደሚያውቅ ሰው።
ኤመት እቤት፣ የታሰረ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ፣ እሱም ያንኑ ይሰማል፤
በኋላ ሲጽፍልኝ
«መቼ እንደሚያልቅ አላወቅሁም፤ ባያልቅ ብዬ ነበር» ይላል።

ለካ አንቺ ግንባርሽን ጠረጴዛው ላይ ጥለሽ፣
ያላጠፋሽው ማሞቂያ እንቅልፍ አስይዞሽ፣
ክርንሽ ስር የቀዘቀዘ ሻይ።
ጎሕ ሲቀድ ነቅተሽ «ይቅርታ» አልሽ፤
ይቅርታሽን ማንም አልገባውም።

ጣቢያው ተሸጠ፤ ወዲያው የአየር ትንበያ ሆነ።
ጫማ ጠጋኙ ሞተ። አንቺም የት እንደገባሽ እንጃ።
ኤመት ተመልሷል፣ የግራ ጆሮውን እዚያው ትቶ።

ትናንት ዝናብ ነበር። ከቤቱ ደጃፍ መኪናዬን አቁሜ
ሞተሩን አጠፋሁ፤ መጥረጊያው ብቻ መስታወቱ ላይ
ቅጭ… ቅጭ…
እጄን ስሰድ፣ ደህናውን ጆሮውን አዙሮ
«ተወው» አለኝ፣ «ገና ነው።»