ሦስት ወይስ ስምንት

ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር ሻንሲው ላይ ካልታየ፣
ታርጋ የለም አሏት፤ ጉዳይዋም ቆየ።
ይኸው ኩኔዮ፣ በኅዳር ብርድ፣ በጀርባዬ ተኝቼ፣
ከሲኞራ ኦርኔላ አሮጌ ፊያት ሥር ገብቼ፣
የእጅ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣
እፈልጋለሁ፣ በናፍጣ ጨርቅ ጭቃውን አብሼ።

ከፊት ቀኝ ጎማ ኋላ፣ ከባሌስትራው በላይ፣
እዚያ ነው ይባላል፤ ግን ምንም የለም የሚታይ።
ጭቃ ነው፤ ከጭቃው ሥር ግራሶ፣ ከግራሶው ሥር ቀለም፣
ከቀለሙ ሥር ሌላ፤ ልጣጩ አያልቅም።

ቋንቋዋን አላውቅም፣ ከጋራዥ ከለቀምኩት በቀር፤
«ባሌስትራ» ስላት ግን ሳቀች፤ ወንበሯን አስጠግታ
ስለ ዴልፊኖ ጀመረች መናገር፦
ጨው ሲጭንበት፣ ተራራው ላይ ፍሬን ሲከዳው...
ግማሹ ገባኝ፤ ግማሹን ብሩሼ በላው።

ጠመኔ አሸሁበት፤ ዱቄቱ ጎድጓዳውን ሞላ፤
ስድስት፣ ዜሮ፣ አራት ወጣ፣ ከዚያ ሌላ፤
የመጨረሻው ብቻ፣ ግራ ጎኑ ተበልቶ፣
ሦስት ይሁን ስምንት እንጃ፣
ዓይኔ አልለይ አለ አይቶ አይቶ።

በጎማው ክፍተት እጇን ሰደደች፤
በአውራ ጣቷ ዳበሰች፣ ደግማ ዳበሰች።
«ኦቶ» አለች። ስምንት።
ጻፍኩት።
እጇን ግን ከብረቱ አላነሳችም።